የእህቴ ላፕቶፕ የየትኛው ድርጅት ነው?

እህቴ የሒሳብ ባለሙያ ስለሆነች ያገኘችውን ጽሑፍ ሁሉ እስከ መጨረሻው መስመር ታነባለች። ባለፈው ኅዳር አዲስ ላፕቶፕ በገዛች በሁለተኛው ሳምንት፣ የስክሪኑን ብርሃን ልቀንስ ብላ ሴቲንግ ውስጥ ስትዞር የዊንዶውሱ ፈቃድ መረጋገጡን የሚያሳየውን፣ አክቲቬሽን የሚለውን ገጽ ከፈተች፤ እዚያ ያነበበችውንም ዓረፍተ ነገር በስልኳ አንስታ ላከችልኝ። ጽሑፉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ዊንዶውስ በድርጅትዎ የአክቲቬሽን አገልግሎት አማካይነት አክቲቬት ተደርጓል» ይላል። ከፎቶው ሥር ጥያቄዋን አስከትላለች፦ «ጋሼ፣ ድርጅትዎ የሚለኝ የትኛውን ድርጅት ነው? እኔ በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት።»

ጥያቄው አጭር ቢሆንም መልሱ ቅዳሜን ሙሉ፣ እሑድንም እስከ ቡና ሰዓት ድረስ ወሰደብን። በመጨረሻ ላፕቶፑ ላይ የነበረውን ዊንዶውስ 10 ፕሮ አጥፍተን ዊንዶውስ 11 ሆም ጫንንበት፤ ስሙን ብቻ ለሚሰማ ሰው ከፕሮ ወደ ሆም መውረድ ይመስላል። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ በብዙ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ያደረግነውን ከነምክንያቱ ለማስፈር ወደድሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፑን ይዛ እንደመጣች በመጀመሪያ የጠየቅሁት ማሽኑን ራሱን ነው። የትእዛዝ መስኮቱን ከፍቼ ኤስ፣ ኤል፣ ኤም፣ ጂ፣ አር የሚሉትን አምስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፍሁ፤ ክፍተት ትቼ፣ ሰያፍ መስመር አስከትዬ፣ ኤክስ፣ ፒ፣ አር ጨመርሁ። ይህች ትእዛዝ የዊንዶውሱ ፈቃድ እስከ መቼ እንደሚቆይ ትናገራለች። ተገዝቶ የመጣ ፈቃድ ከሆነ መልሷ ማሽኑ በቋሚነት አክቲቬት መደረጉን የሚገልጽ ነው። ለእኛ የወጣችው ትንሽ መስኮት ግን ፈቃዱ በመጪው ግንቦት የሚያበቃበትን ቀንና ሰዓት ጽፋ አሳየችን። ለግለሰብ የሚሸጥ አዲስ ላፕቶፕ የስድስት ወር ፈቃድ ይዞ ከፋብሪካ አይወጣም።

ስድስት ወሩ ራሱ ብዙ ይናገራል። ማይክሮሶፍት ብዙ ኮምፒውተር ላላቸው መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ያዘጋጀው ኬኤምኤስ የሚባል አሠራር አለ። በዚህ አሠራር መሥሪያ ቤቱ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ አንድ ሰርቨር ያቆማል፤ የሠራተኞቹ ኮምፒውተሮችም እያንዳንዳቸው ከማይክሮሶፍት ጋር መነጋገር ሳያስፈልጋቸው ፈቃዳቸውን ከዚያ ሰርቨር ይወስዳሉ። ሰርቨሩ ቢያንስ 25 ኮምፒውተሮች ካልጠየቁት ፈቃድ አይሰጥም፤ የሰጠውም ፈቃድ ለ180 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየ7 ቀኑ እየተመለሰ ለማሳደስ ይሞክራል። ፕሮግራምን ያለ ክፍያ ለመክፈት የሚጫነው፣ ክራክ የምንለው ነገር ብዙ ጊዜ ይህንኑ አሠራር የሚያስመስል ነው፤ ወይ ላፕቶፑ ውስጥ ሐሰተኛ ሰርቨር ይተክላል፣ ወይም ላፕቶፑን ኢንተርኔት ላይ ወዳለ የማይታወቅ ሰርቨር ይልከዋል። የእህቴ ሁለተኛው ዓይነት ነበር። ዝርዝሩን ስናወጣው የሰርቨሩ አድራሻ ሰምተነው የማናውቀው የድረ ገጽ ስም ሆኖ ተገኘ፤ ከስሙ ኋላም ለዚህ አገልግሎት የተመደበው 1688 የሚለው የፖርት ቁጥር ተቀጥሏል። እህቴ የጠየቀችው «ድርጅት» እንግዲህ ይኸው ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ምናልባት እሷም እኔም ችላ እንለው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በተማሪነቴ ዘመን ከክራክ በቀር ሌላ ዊንዶውስ አላውቅም ነበር። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። ዲፌንደር የተባለው የዊንዶውስ ጸረ ቫይረስ እንዳይፈትሻቸው የተነገረውን ፎልደሮች ዝርዝር ስከፍት፣ ሲ ድራይቭ ላይ ያለ አንድ ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ከፍተሻ ነጻ ተደርጎ አገኘሁት። ይህ የሚደረገው ዲፌንደር ክራኩን እንዳየው ስለሚያጠፋው ነው። ዘበኛን «በዚህ በር የሚገባውን አትጠይቅ» ብለው ካዘዙት በኋላ ግን በዚያ በር የሚገባውን መምረጥ አይቻልም። እህቴ በዚህ ላፕቶፕ የደንበኞቿን የሒሳብ መዝገብ ትይዛለች፤ የባንክ ሒሳቧንም የምታየው በዚሁ ነው።

ምንም ነገር ከማጥፋቴ በፊት ላፕቶፑ ወደተገዛበት ሱቅ ደወልሁ። ስልኩን ያነሣው ወጣት ትሑት ነበር፤ ነገሩን ስነግረውም አልተደናገጠም። «ጋሼ፣ ለእህትዎ እኮ ፕሮ ነው የጫንኩላቸው፤ ሆም ምንም አያደርግላቸውም። 11 ደግሞ ከባድ ነው፣ ኔት ካላገናኛችሁኝ እያለ ያስቸግራል» አለኝ። ከፋብሪካ ሲመጣ ምን እንደነበረበት ስጠይቀው «የራሱ ነበረው፤ ፎርማት አደረግነው» ሲል መለሰልኝ።

በልጁ ላይ ብዙ መፍረድ አልፈልግም። ወደ ገበያችን ከሚገቡት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ፍሪዶስ የሚባል፣ ከጥቁር ስክሪንና ከብልጭ ድርግም ከምትል ምልክት በቀር ምንም የሌለው ሥርዓት ተጭኖባቸው ስለሚመጡ፣ ሻጩ አንድ ፍላሽ ላይ ዊንዶውሱን፣ ኦፊሱን፣ ፓወር ግዕዙንና የቪዲዮ ማጫወቻውን አዘጋጅቶ ለመጣው ሁሉ ያንኑ መጫን ለምዷል። ለገዢውም ይህ እንደ ምርቃት ይቆጠርለታል። የሚያሳዝነው ግን ፈቃድ ይዞ የመጣው ላፕቶፕም በዚያው ፍላሽ መታጠቡ ነው፤ ያውም ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን ባቋረጠበት በዊንዶውስ 10። ከዚያ ቀን ወዲህ ዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማሻሻያ የሚያገኘው ለማራዘሚያው የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፤ እህቴ ደግሞ ላፕቶፑን የገዛችው ድጋፉ ከቆመ ከሳምንታት በኋላ ነበር።

«የራሱ ነበረው» የምትለዋ የልጁ ቃል ግን ተስፋ ሰጠችኝ። ድሮ የዊንዶውስ ቁልፍ በላፕቶፑ ሆድ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፍ ስለነበር፣ በጭንና በጠረጴዛ ፍትጊያ ፊደሉ ሲጠፋ ፈቃዱም አብሮ የጠፋ ያህል ነበር። በ2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 ከመጣ ወዲህ ግን አምራቾች ቁልፉን በማዘርቦርዱ ላይ ባለው፣ ላፕቶፑን የሚያስነሣውን መሠረታዊ ፕሮግራም በያዘው የፍርምዌር ቺፕ ውስጥ ይጽፉታል። ፎርማት የሚያጥበው ዲስኩን ነው፤ ቁልፉ ደግሞ ዲስኩ ላይ አይደለም። ኤስኤስዲ የሚባለው ይህ ዲስክ ተነቅሎ በሌላ ቢተካ እንኳ ቁልፉ ከቦርዱ ጋር ይቀራል። ይህን ለማወቅ ፓወርሼል የሚባለውን መስኮት ከፍቶ፣ ቁልፉን ከፍርምዌሩ የምታነብ አንዲት መስመር ትእዛዝ መጻፍ ይበቃል፤ ቁልፍ ከሌለ ባዶ መስመር ትመልሳለች።

ለእኛ የመለሰችው ባዶ አልነበረም። አምስት አምስት ሆነው በሰረዝ የተለያዩ 25 ፊደላትና ቁጥሮች ወጡ። የቁልፉን ዓይነት የሚገልጸውን መስመር ደግሞ ስጠይቅ «ኮር» የሚል ቃል ያለበት መልስ መጣ፤ ኮር ማይክሮሶፍት በውስጥ አጠራሩ ሆምን የሚጠራበት ስም ነው። እንግዲህ እህቴ ላፕቶፑን ስትገዛ የዊንዶውስ ሆምን ዋጋ አብራ ከፍላለች፤ ፈቃዷም ከሥር ተቀምጦ ሳለ ከላዩ የተሰረቀ ፈቃድ ተጭኖበት ነበር። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ለማስጫኛ ያስከፈሉኝስ?» አለች። ደረሰኙ ላይ ለብቻው ተጽፏል።

ለነገሩ በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነጻ ሥርዓት፣ ኡቡንቱንም አስበን ነበር። ኡቡንቱ አክቲቬሽን የሚባል ነገር የለውም፤ የሚጭነው ሰው ማንንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ለረጅም ጊዜ የሚደገፉት ዕትሞቹም አምስት ዓመት ማሻሻያ ያገኛሉ፣ የአማርኛ ፊደልም ያለ ችግር ያሳያል። እኔ ራሴ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ሰውን ሁሉ ወደ ኡቡንቱ ልመልስ የሚል አመልም አለብኝ። የእህቴ እንጀራ ግን ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። በአገራችን የሒሳብ ሥራ ውስጥ ያለ ሰው ፒችትሪ ከሌለ ምን እንደሚሆን ያውቀዋል፤ ፕሮግራሙ ደግሞ የሚሠራው በዊንዶውስ ላይ ነው። ስለዚህ የእኔን ምርጫ ወደ ጎን ትቼ ወደ ዊንዶውስ 11 ሄድን።

የላፕቶፑ አቅም ለዊንዶውስ 11 ከበቂ በላይ ነው። የሚፈለገው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ፣ ያልታመነ ፕሮግራም ከዊንዶውስ ቀድሞ እንዳይነሣ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡት የሚችል ፍርምዌርና ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቺፕ ነው፤ የእሷ 13ኛ ትውልድ ኢንቴል፣ 16 ጊጋባይት ራምና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ አለው። «11 ከባድ ነው» የሚለው አባባል ለዚህ ላፕቶፕ አይሠራም።

ፋይሎቿን ወደ ውጭ ዲስክ ስንገለብጥ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ሰነድ፣ ፎቶና የፒችትሪ ዳታ ይለፍ፤ የሚጫን ፕሮግራም የሆነ ማንኛውም ፋይል ግን አይለፍ። የዊንዶውስ 11ን ፋይል አርብ ሌሊት በሌሊት ጥቅል ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርጄ ነበር፤ ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ በቀን ጥቅል አይሞከርም። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ስለመጣ ፋይሉ ሳይበላሽ መድረሱን ለማረጋገጥ፣ ማይክሮሶፍት በገጹ ላይ ያስቀመጠውን ባለ 64 ፊደል የማረጋገጫ ኮድ በእኔ ኮምፒውተር ላይ ከወጣው ጋር አመሳከርሁ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ የምመክረው በተለይ ፋይሉን ከጓደኛ ፍላሽ ለሚቀዳ ሰው ነው፣ ምክንያቱም ኮዱ ከተመሳሰለ ፋይሉ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ያበቃል። ፍላሹን ለመጫኛ የሚያዘጋጅ ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም አዘጋጀሁ። ሩፈስ የቲፒኤምን ግዴታ ላንሣልህ፣ የአካውንቱን ግዴታ ላስቀርልህ እያለ ሳጥኖች ያቀርባል፤ ላፕቶፑ አዲስ ስለሆነ አንዱንም አልነካሁም።

ከዚያ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ወደሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ፣ ወደ ባዮሱ ገባሁ፤ ሁላችንም ባዮስ እንበለው እንጂ በአዲሶቹ ላፕቶፖች ላይ ትክክለኛ ስሙ ዩኢኤፍአይ ነው። ሱቁ ሴኪዩር ቡትን ዘግቶታል። ሌላ ምን እንደነካ ስለማላውቅ እያንዳንዱን መስመር ከመፈተሽ ይልቅ ሁሉንም ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ የሚመልሰውን ቁልፍ ተጫንሁ። ይህች አንድ ጠቅታ ሦስት ሰዓት አስከፈለችኝ።

ላፕቶፑ ከፍላሹ ተነሣ፤ ቋንቋውን መረጥን፤ የፈቃድ ቁልፍ ሳይጠይቀንና ሆም ነው ወይስ ፕሮ ሳይለን አለፈ፤ ይህም ቁልፉን ከቦርዱ ላይ ማንበቡን የሚያሳይ ስለነበር ደስ አለኝ። ቀጥሎ ዊንዶውስ የት ይጫን የሚለው ገጽ መጣ። ዝርዝሩ ባዶ ነበር። 512 ጊጋባይት ያለው ዲስክ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሲሠራ የነበረ ሲሆን አሁን ለጫኙ ፕሮግራም የለም። እህቴ ከትከሻዬ በላይ ሆና «አጠፋኸው እንዴ?» አለችኝ። እንዳላጠፋሁት አውቃለሁ፤ ግን ለምን እንደማይታይ ወዲያው አልገባኝም ነበርና ፍላሹን ነቅዬ ሰካሁ፣ ሌላ ቀዳዳ ሞከርሁ፣ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ።

ምክንያቱ ቪኤምዲ የሚባል የኢንቴል አሠራር ነው። ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ በብዙ የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ ኤስኤስዲው በቀጥታ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አይታይም፤ ከቪኤምዲ መቆጣጠሪያ ጀርባ ይቀመጣል። መቆጣጠሪያውን የሚያናግር ድራይቨር ጫኙ ፕሮግራም ውስጥ ከሌለ ዲስኩ እንደሌለ ይቆጠራል። የሱቁ ልጅ ይህን ችግር አጋጥሞት ቪኤምዲውን ባዮስ ላይ ዘግቶ አልፎታል፤ እኔ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ስመልሰው ቪኤምዲውም ተመልሶ ተከፈተ። የልጁን መንገድ ተከትዬ እንደገና መዝጋት እችል ነበር፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ያልዘጋሁት፣ ቪኤምዲ ተዘግቶ የተጫነ ዊንዶውስ ባዮሱ በማሻሻያም ሆነ በሌላ ምክንያት አንድ ቀን ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ቢመለስ መነሣት አቅቶት ሰማያዊ ስክሪን ስለሚያሳይ ነው። ያ ቀን ደግሞ እህቴ የግብር መዝጊያ ላይ ሆና እኔ ክፍለ ሀገር የሄድሁበት ቀን እንደሚሆን ጥርጥር የለኝም።

ስለዚህ ድራይቨሩን ከላፕቶፑ አምራች ገጽ በሞዴል ቁጥሩ ፈልጌ በእኔ ኮምፒውተር አወረድሁት። ችግሩ የሚወርደው ነገር ራሱን የሚጭን ፕሮግራም መሆኑ ነው፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ውስጡ ያለውን ፎልደር ነው። ስከፍተው ይጫን ወይስ ይፈታ ብሎ ስለጠየቀኝ ይፈታ የሚለውን መርጬ፣ የወጣውን ፎልደር እንዳለ ፍላሹ ላይ ገለበጥሁት። ተመልሼ ባዶው ገጽ ላይ ድራይቨር ጫን የሚለውን ስነካና ፎልደሩን ሳሳየው የኢንቴል ቪኤምዲ መቆጣጠሪያ ስም በዝርዝር ወጣ፤ መርጬ ስቀጥል ዲስኩ ብቅ አለ። መጠኑ 476.9 ጊጋባይት ይላል። «35ቱስ የት ገባ?» የእህቴ ጥያቄ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጉድለት አይቶ የሚያልፍ የሒሳብ ሰው የለም። አምራቹ አንድ ጊጋባይትን በሺህ እያባዛ ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 እያባዛ እንደሚቆጥር፣ የጎደለም የተሰረቀም እንደሌለ አስረዳኋት። አልተዋጠላትም።

ዲስኩ በሱቁ ሲና ዲ ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል። ይህ ልማድ በእኛ አገር ለምን ሥር እንደሰደደ ይገባኛል፤ ዊንዶውስ በየስድስት ወሩ በሚበላሽበት ዘመን ሲ ፎርማት ሲደረግ ዲ ላይ ያለው ፋይል ይተርፍ ነበር። ነገር ግን ሰው ዲ ላይ ስላስቀመጠ ብቻ ፋይሉ መጠባበቂያ ያለው ይመስለዋል፤ ሁለቱም ያሉት አንድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ሲሞት አብረው ነው የሚሞቱት። ሁሉንም ክፍሎች አጠፋሁና ዊንዶውስ ራሱ እንዲከፋፍል ተውሁት። ለመነሻ 100 ሜጋባይት፣ ለራሱ 16 ሜጋባይት፣ ለመጠገኛም ትንሽ ቦታ ወስዶ የቀረውን በሙሉ ለሲ ሰጠ። መጫኑ ራሱ ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም፤ ስለ እሱ የምጽፈው የለኝም።

ከዚያ ዊንዶውስ 11 የሱቁ ልጅ የተማረረበት ቦታ ላይ ደረስን። አገር ኢትዮጵያ፣ ኪቦርድ እንግሊዝኛ ካልን በኋላ ኔትወርክ አገናኙኝ ብሎ ቆመ፤ የዋይፋዩ ድራይቨር ስላልነበረው የቤታችን ዋይፋይ አይታየውም፣ ያለ ኔትወርክም አያሳልፍም። ይህን ለመዝለል ሰዎች የሚለዋወጧቸው የተደበቁ ትእዛዞች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ግን አንድ በአንድ እየዘጋቸው ስለሆነ ትናንት የሠራው ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ቀላሉ መፍትሔ ኪሳችን ውስጥ ነው። የአንድሮይድ ስልኬን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቼ የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ የሚያጋራውን፣ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ስከፍት ላፕቶፑ ያለ ምንም ድራይቨር ስልኩን እንደ ኔትወርክ ገመድ ቆጠረው። ዋይፋዩም በኋላ በአፕዴት በኩል ድራይቨሩን አግኝቶ ተከፈተ። ጥቅሉን አስቀድሞ መሙላት ያስፈልጋል፤ አዲስ ዊንዶውስ ኔትወርክ እንዳገኘ የሚያወርደው ብዙ ነው። ሆም የማይክሮሶፍት አካውንትም ስለሚጠይቅ እህቴ በራሷ ኢሜይል ገባች፤ የይለፍ ቃሉን ጠረጴዛው ላይ ባለ ወረቀት እንዳትጽፈው ተለማመጥኋት። የሰዓት ክልሉን ስናስተካክል አዲስ አበባ በዝርዝሩ ውስጥ ስለሌለች ናይሮቢን መረጥን።

ዴስክቶፑ ሲከፈት መጀመሪያ የሄድነው አክቲቬሽን ወደሚለው ገጽ ነው። ምንም ቁልፍ አልጻፍንም፤ ማንም አልጠየቀንም። ገጹ አክቲቭ ይላል፤ ሲዘረዘርም ዊንዶውሱ ከማይክሮሶፍት አካውንቷ ጋር በተገናኘ ዲጂታል ፈቃድ አክቲቬት መደረጉን ይገልጻል። የሆነው ይህ ነው፦ ጫኙ ከቦርዱ ያነበበውን ቁልፍ ላፕቶፑ ኢንተርኔት እንዳገኘ ለማይክሮሶፍት አሳይቷል፣ ማይክሮሶፍትም ፈቃዱን ከዚህ ማዘርቦርድ መለያ ጋር አያይዞ መዝግቧል። ከእንግዲህ በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ሆም አሥር ጊዜ ቢጫን አሥሩንም ጊዜ ያለ ጥያቄ ያልፋል። የጠዋቷን ትእዛዝ ደገምኋት፤ ግንቦት የሚል ቀን ጠፍቶ «በቋሚነት» የሚለው ቃል መጣ። እህቴ መስኮቱን ፎቶ አነሣችው።

ፕሮ ለምን አልጫንሁላትም ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ቦርዱ ላይ ያለው ቁልፍ የሆም ስለሆነ ፕሮ ቢጫን አክቲቬት አይሆንም፤ ከፕሮ የሚቀርባት ደግሞ በመሥሪያ ቤት ዶሜይን ውስጥ መግባትና ላፕቶፑን ከሩቅ በሪሞት ዴስክቶፕ መክፈትን የመሳሰለ ነገር ነው፣ አንዱንም ተጠቅማበት አታውቅም። አንድ ቀን ካስፈለጋት የፕሮን ማሳደጊያ ገዝታ ፎርማት ሳታደርግ መሸጋገር ትችላለች። ቁልፍ የምታነበው ትእዛዝ ባዶ መስመር የምትመልስለት ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል፤ ላፕቶፑ ያለ ዊንዶውስ የተሸጠ ነው፣ ስለዚህ ወይ ፈቃድ መግዛት፣ ወይም እንደ እኔ ኡቡንቱ መጫን ነው። ኢንተርኔት ላይ በጥቂት ዶላር የሚሸጡ ቁልፎች ብዙ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት የጅምላ ቁልፍ ተሸንሽኖ የሚቸረቸርባቸው ስለሆኑ ዛሬ ሠርተው ነገ ሊዘጉ ይችላሉ።

ኦፊሱም በዚያው ክራክ የተከፈተ ስለነበር አብሮ ሄደ፤ ለጊዜው በኦፊስ ፈንታ ነጻውን ሊብሬኦፊስ ጫንሁላትና እስከ ዛሬ ድረስ ታማርርብኛለች። ስለ ፒችትሪው የሚባል ነገር አለኝ፤ እሱን ለሌላ ቅዳሜ አቆይተነዋል።

እሑድ ቡና እየተፈላ ሳለ የቀረን አንድ ሥራ ነበር። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት እንዲህ ያሉ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩን ማንንም ሳይጠይቅ ያመሰጥረዋል፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው የደንበኞቿን መዝገብ ማንበብ እንዳይችል ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው ባዮሱን ሲነካካ፣ ለምሳሌ ሴኪዩር ቡትን ሲዘጋ፣ ላፕቶፑ በሚቀጥለው መነሻው ላይ 48 አሃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ያ ቁልፍ ከሌለ ፋይሉን የሚያወጣ ቴክኒሻን የለም። ቁልፉ በአካውንቷ ውስጥ ተቀምጧል፤ ኢሜይሏን ብትረሳውስ ብዬ ግን በወረቀትም እንዲኖር ፈለግሁ። ፕሪንተር ስላልነበረን የሒሳብ ደብተሯን አወጣች። አሃዞቹ ስድስት ስድስት ሆነው በስምንት ተከፍለዋል፤ እኔ ከስክሪኑ እያነበብሁ እሷ ጻፈች። ስንጨርስ ደብተሩን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «አሁን አንተ ከደብተሩ አንብብ፣ እኔ ከስክሪኑ አያለሁ» አለችኝና ከመጀመሪያው ስድስት ጀምረን እንደገና አመሳከርን። አምስተኛው ላይ 7 የመሰለው 1 ሆኖ ተገኘ።